የምታፏጨው መኪና

 

የዛሬው ጨዋታችን ስለ መኪና መስኮት ነው። “መኪና የለኝም፣ ምን አገባኝ!” ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት አደራ። በሚኒባስም፣ በቅጥቅጥም፣ በኮንትራትም የምትሄዱ ሁሉ ጉዳዩ ይመለከታችኋል። ለመሆኑ ተሳፍራችሁ ስትሄዱ ከመስኮት ጥግ “ፊ...ው” እያለ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ገጥሟችሁ አያውቅም? እኛ ቤት ከዚህ ፉጨት ጋር አምስት ወር ኖረናል። “ነፋስ ነው፣ ምን ያመጣል!” እያልን ስንስቅ እናቴን ልናጣት ምንም አልቀረን ነበር። እንዴት? ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ።

ታላቅ ወንድሜ አንዲት አሮጌ ኮሮላ አለችው፤ “ዲ ኤክስ” የምንላት ዓይነት። በኮንትራት ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ይሠራባታል፤ ሲቀናው ደግሞ በጥሊሊ አድርጎ እስከ እንጅባራ ይሄዳል። በርበሬ የተሸጠበት ብር፣ የእኔ እቁብ፣ እናቴ ጥጥ ፈትላ ያጠራቀመችው ሁሉ እሷ ውስጥ አለ። ለዚህም ነው “መኪናው” ሳይሆን “መኪናችን” የምንላት። ታዲያ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ ልጆች ሲጫወቱ የወረወሩት ድንጋይ የጋቢናውን የቀኝ መስታወት ዱቄት አደረገው። ወንድሜ ምን ያድርግ? መኪናዋ ካልሠራች እንጀራ የለም። ወዲያው መስታወት ቆርጦ የሚገጥም ሰው ፈልጎ በዕለቱ አስገጠመ። ዋጋው ርካሽ፣ ሥራው ፈጣን! ሁላችንም “ጎበዝ!” አልነው።

በማግስቱ ከቡሬ ወጥቶ ወደ ማንኩሳ አስፋልቱን ያዘ። ፍጥነቱ 60 ኪሎ ሜትር ሲደርስ... ፊ...ው! ሲቀንስ ዝም። ሲጨምር እንደገና ፊ...ው!

የመጀመሪያዋ ተቃዋሚ እናቴ ነበረች። በዚያን ጊዜ እህቴ ፍኖተ ሰላም ነፍሰ ጡር ናት፤ እርግዝናው ከብዷት ስለነበር እናቴ በየቅዳሜው በዚህችው መኪና ሄዳ ስታግዛት ውላ ሲመሽ ትመለሳለች። በአገራችን ማታ ማፏጨት ነውር መሆኑን ታውቃላችሁ፤ “እባብ ይጠራል፣ ሰይጣን ይጠራል” እየተባልን ነው ያደግነው። እናቴ ጨለማ ውስጥ መኪናዋ ስታፏጭ ታማትባለች።

“እረግ! ልጄ፣ ይችን ነገር ዝም አሰኛት። በጨለማ ማንን ነው የምትጠራብን?”

“እማዬ፣ ነፋስ እኮ ነው” ይላታል ወንድሜ።

“ነፋስ ነው?! እንግዲያማ ሊመታኝ ነው!” አለችና ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠመጠመች።

መቼም እኛ ኢትዮጵያውያን ከነፋስ ጋር ያለን ጠብ የቆየ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ፀሐዩ እያቀለጠን፣ የዶሮው፣ የቅቤው፣ የበርበሬው ሽታ ተደባልቆ እየታፈንን አንዱ ምስኪን መስኮት ከከፈተ፣ ከኋላ “ወንድም፣ ዝጋው እንጂ!” የሚል ድምፅ ይመጣል። ቀጥሎ ጠቡ ነው። “ምች ይመታል፣ ብርድ ይገባል” እንላለን። ኮሮና በገባበት በ2012 ዓ.ም. “መስኮት ክፈቱ” ሲባል እንኳ ስንቱ ተሳፋሪ ተሟግቷል! የጤና ባለሙያዎች ግን ከኮሮናም በፊት ስለ ሳንባ ነቀርሳ ይህንኑ ሲነግሩን ኖረዋል፤ ሰው በታጨቀበት ቦታ የተከፈተ መስኮት መድኃኒት ነው። እኛ ደግሞ መድኃኒቱን እንዘጋዋለን። ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም፤ የእናቴ ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ወንድሜ ፉጨቱን ለማጥፋት ያላደረገው የለም። መጀመሪያ በመስታወቱና በጎማው መካከል ጨርቅ ወተፈ። ፉጨቱ ቀነሰ፣ አልጠፋም። ቀጥሎ ፌስታል አጣጥፎ ጨመረበት። ያኔማ መኪናዋ እንደ በግ ታንኮራፋ ጀመር። በመጨረሻ ተናደደና ሲሊኮን ገዝቶ የመስታወቱን ዙሪያ ለጠፈው፤ መስታወቱ ከዚያ ወዲያ ወደ ታችም ወደ ላይም አልል አለ። በዚህ ጊዜ ፉጨቱ ወደ በሩ የላይኛው ጥግ ዞረ። ከአንድ ቦታ ስታባርሩት በሌላ የሚመጣ ጉድ!

በዚህ መሃል እናቴን ራስ ምታት ያዛት። ፍኖተ ሰላም ስትደርስ ግንባሯን አስራ ትወርዳለች፤ ያዞራታል፣ ያቅለሸልሻታል። “ነግሬያችሁ ነበር፣ ነፋሱ መታኝ” ትላለች። ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጣት፣ ታጠነች። ማታ ስትመለስ ያው። እኛም “ነፋሱን በደንብ እንዝጋላት” ብለን ሌሎቹን መስኮቶች ጭምር ጥርቅም አድርገን መዝጋት ጀመርን። ባሰባት! ወንድሜም በበኩሉ በየመንገዱ ያዛጋል። “ጾሙ ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው” ይላል። እስቲ አስቡት፣ ሹፌር ሲያዛጋ!

ጥር ላይ እህቴ በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ልጅ። እናቴን ደግሞ ደም ግፊት ይሆናል ብለን ወደ ጤና ባለሙያ ወሰድናት። የለካቻት ሲስተር ግፊቷ ደህና መሆኑን አይታ ዝም አላለችም፤ ጠየቀቻት።

“እማማ፣ ራስ ምታቱ የሚነሳብዎት መቼ መቼ ነው?”

“ቅዳሜ ቅዳሜ።”

“ቅዳሜ ምን ይሠራሉ?”

“ልጄ ዘንድ በመኪና እሄዳለሁ።”

“ከመኪና ሲወርዱስ?”

“ትንሽ ቆይቶ ይለቀኛል፤ ማታ ስመለስ ደግሞ ይይዘኛል።”

ሲስተር ወደ ወንድሜ ዞረችና “መኪና ውስጥ የሚይዝ፣ ሲወርዱ የሚለቅ ራስ ምታት ከሆነ መጀመሪያ መመርመር ያለባት መኪናዋ ናት። እስክትመረመር ድረስ መስኮት ከፍታችሁ ሂዱ” አለችው። ይች ሲስተር ዕድሜ ይስጣት። እኛ ግን ነገሩ አሁንም ስለ ነፋሱ ነው የመሰለን።

ወንድሜ መኪናዋን ይዞ ሰፈራችን ወዳሉ ሽማግሌ ባቲላሜራ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። ሽማግሌው ጨርቁን፣ ፌስታሉን፣ ሲሊኮኑን አይተው ሳቁ።

“ልጄ፣ ቁስሉ የት እንዳለ ሳታይ ነው በፋሻ የጠቀለልከው” አሉት።

ከዚህ በኋላ ያሳዩን ነገር ነው ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት። በእጃችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት ነው። መንገድ ሲዘጋና መለዋወጫ ፍለጋ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም መሄድ ሲቸግር ደግሞ ራስን መርዳት የግድ ነው።

መጀመሪያ ግን መኪና ለምን ያፏጫል? እኔ ከ12ኛ ክፍል የዘለለ ትምህርት የለኝም፤ የፊዚክስ መምህራችን ያሳዩን አንድ ነገር ግን አይረሳኝም። ሁለት የደብተር ወረቀት በሁለት እጃችሁ ጎን ለጎን አንጠልጥሉና በመሃላቸው እፍ በሉ። ይራራቃሉ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፤ እነሱ ግን ተሳስበው ይጣበቃሉ። መኪና ላይም የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል። ስትሮጥ አየሩ ከፊት መስታወት ተጋጭቶ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ መታጠፊያው ላይ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ የጎን መስታወቱና የበሩ ፍሬም ወደ ውጭ ይሳባሉ። ቆማ ሳለች ግጥም ያለ የሚመስለው በር 80 ኪሎ ሜትር ላይ በጥቂቱ ከጎማው ይላቀቃል። በዚያች የፀጉር ስፋት በምታክል ክፍተት አየር ሲያልፍ እንደ ዋሽንት ይጮኻል። ልብ በሉ፤ በዚያ ቦታ ብዙ ጊዜ አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሳባል እንጂ ከውጭ አይገባም! እናቴ ‘ገባብኝ’ የምትለው ነፋስ የሚወጣ ነበር ማለት ነው። የወጣው አየር ምትኩ ከየት እንደሚገባ ደግሞ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

የነፋስ ድምፅ ከፍጥነት ጋር የሚያድገው በቀላሉ አይደለም። ፍጥነታችሁ በእጥፍ ሲጨምር፣ ለምሳሌ ከ40 ወደ 80 ስትደርሱ፣ የድምፁ ጉልበት ወደ 60 እጥፍ ይጠጋል። ለዚህ ነው ከተማ ውስጥ ዝም የምትል መኪና አስፋልት ስትይዝ ዘፋኝ የምትሆነው።

አሁን ወደ ፍለጋው እንግባ።

አንደኛ፤ ድምፁን ለዩት። ቀጭን ፉጨት ከሆነ ክፍተቱ ትንሽ ነው፤ የመስታወት ጥግ፣ የጎማ ስንጥቅ፣ የስፔኪዮ እግር ሊሆን ይችላል። “ሹ...” የሚል ወፍራም ድምፅ ከሆነ ጎማው በሰፊው አልገጠመም። “ዱብ ዱብ ዱብ” እያለ ጆሮ የሚደፍን ከሆነ ደግሞ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ የኋላ መስኮት ብቻውን ሲከፈት የሚመጣ ነው። ሌላ መስኮት ትንሽ ከፈት ስታደርጉ ይጠፋል።

ሁለተኛ፤ በፕላስተር ፈልጉት። ከውጭ በኩል የበሩንና የመስታወቱን ዙሪያ፣ የስፔኪዮውን እግር ጭምር በፕላስተር ሸፍኑ፤ የሹፌሩ በር መከፈት ስላለበት እሱን ለብቻው ሌላ ቀን ሞክሩት። ባዶ መንገድ ላይ ንዱ። ፉጨቱ ከጠፋ ቆም እያላችሁ ፕላስተሩን ቁራጭ በቁራጭ አንሱ። ቁራጩ ተነስቶ ፉጨቱ ሲመለስ ሌባው ተያዘ! ካልጠፋ ግን በሩን ተዉትና ወደ ላይ እዩ፤ ፖርቶ መጋላው ወይም አንቴናው ሊሆን ይችላል። ስንት ሰው ባዶ ፖርቶ መጋላ ተሸክሞ በሩን ሲያስቀጠቅጥ ይኖራል!

ሦስተኛ፤ የወረቀት ፈተና። ቀጭን ወረቀት በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። እየተንገዳገደ በጭንቅ ከወጣ ጎማው ነክሶታል። ሸርተት ብሎ ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ ጎማው አይነካም። በየስንዝሩ ሞክሩ።

አራተኛ፤ ጠመኔ። የተማሪ ጠመኔ የበሩ ጎማ ላይ ቀቡና በሩን ዘግታችሁ ክፈቱ። ጎማው የነካው ብረት ላይ ነጭ መስመር ይታተማል። መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ ክፍተቱ ነው። ሲመሽ ደግሞ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ባትሪ ሲያበራ ሌላው ከውጭ ቢያይ የሚሾልክ ብርሃን መንገዱን ይጠቁማል።

ክፍተቱን ካገኛችሁ በኋላ ጥገናው እንደየመንስኤው ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አቧራ ነው! የእኛ አገር መንገድ አቧራ በጎማው ላይ ተጋግሮ እንዳይገጥም ያደርገዋል። በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ግሊሰሪን በጨርቅ ቀቡት፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው፣ ለፊት የምንቀባው ያው ግሊሰሪን። ጎማውን ያለሰልሰዋል፣ አይጎዳውም። ቫዝሊን፣ ግሪስ፣ ናፍጣና የሞተር ዘይት ግን እንዳታስነኩት! ከነዳጅ የሚሠራ ነገር የበር ጎማን ያሳብጠዋል፣ ያበላሸዋል።

ጎማው ውስጡ ባዶ የሆነው ዓይነት ሆኖ ከተጨፈለቀ፣ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በውስጡ ማሳለፍ እንደገና ነፍስ ይዘራበታል። በሩ ራሱ ከላላ ደግሞ በሩ ሲዘጋ የሚነክሰውን ብረት ብሎኖች ትንሽ ላላ አድርጎ ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ ነው፤ የነበረበትን ቦታ መጀመሪያ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ አንድ ሚሊ ሜትር ብዙ ነው። ፍሬሙ የተጣመመ ከሆነ ግን ለባቲላሜራ ተዉለት። በጉልበት ጎተት አደርገዋለሁ ያለ ሰው መስታወቱን ጭምር ሰብሮ ቤቱ ይገባል።

ወደ እኛዋ መኪና እንመለስ። ሽማግሌው ጎማውን በወረቀትም በጠመኔም ፈተኑት፤ ደህና ነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው የግራውንና የቀኙን መስታወት የታችኛውን ጥግ አዩ።

“ና ወዲህ፤ እዚህ ምን ይታይሃል?” አሉት ወንድሜን።

የግራው መስታወት ጥግ ላይ የፋብሪካ ማኅተም አለ፤ ትናንሽ ጽሑፍ። የቀኙ ባዶ ነው።

“ይህ የቤት መስኮት መስታወት ነው” አሉ። “ከድሮው በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይሳሳል። ለዚህ ነው ማሰሪያው ውስጥ የሚዋልለው፤ ለዚህ ነው የሚያፏጨው። ፉጨቱስ ይሁን፤ ቢሰበር ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?”

ዝም አልን። የመኪና የጎን መስታወት ከ600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ከጋለ በኋላ በድንገት በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ ሲሰበር እንደ ድንጋይ ጨው ወደ ትናንሽ እንክብል ይፈርሳል እንጂ ስለት አይሆንም። ድንጋይ የመታን ጊዜ ‘ዱቄት ሆነ’ ያልኩት ለዚሁ ነው። የቤት መስታወት ግን ሲሰበር እንደ ቢላ ነው። እንዲህ የተሠራ የመኪና መስታወት አንዴ ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፤ ልቁረጠው ቢሉት መላው ይፈርሳል። ስለዚህ “በልክህ ቆርጬ እገጥምልሃለሁ” የሚል ሰው የሚሰጣችሁ ያንን አይደለም። እናቴ አምስት ወር ሙሉ ፊቷን ከዚህ ቢላ አጠገብ አድርጋ ተጉዛለች። እናንተም አሁኑኑ ወጥታችሁ የመኪናችሁን መስታወቶች ጥግ ተመልከቱ፤ ማኅተም የሌለው ካለ ጠርጥሩ።

ትክክለኛው መስታወት አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ በዘመድ ተፈልጎ ተገኘ። ያገለገለ ነው፤ ነገር ግን ማኅተም ያለው። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። ሽማግሌው ሲሊኮኑን ግማሽ ቀን ሙሉ እየፋቁ አወጡት። መስታወቱ ሲገባ ማንሻውን አንዴ ብናዞረው ሸር... ብሎ ወጣ። ግጥም!

በማግስቱ ወንድሜ፣ እናቴና እኔ ለሙከራ ወደ ማንኩሳ ነዳን። 60... ዝም። 70... ዝም። 80... ዝም! እናቴ እልል አለች። ያኔ ነው እኔ የሰማሁት።

“ወንድምዓለም፣ ይህ ድምፅ ምንድን ነው?”

“የቱ?”

“ከሥር... ፕት ፕት ፕት የሚለው።”

ወንድሜ ፊቱ ተለወጠ። ዳር ይዞ አቆመ። ሞተሩ እየሠራ ጎንበስ ብለን ብንሰማ ከጋቢናው ወለል ሥር የጭስ ቧንቧው፣ ማርሚታው ጋ ከመድረሱ በፊት፣ ተበልቷል። ጭሱ በኋላ በኩል መውጣቱን ትቶ ከእግራችን ሥር ነው የሚተፋው። ወለሉ ላይ ደግሞ መሆን የነበረባት አንዲት የጎማ ውታፍ የለችም፤ ምንጣፉ ሸፍኗት እንጂ ቀዳዳዋ ክፍት ናት። በመስኮት የሚሳበው አየር ምትኩ የሚገባው በዚያ ነበር!

ነገሩ ሁሉ ያኔ ተገለጠልን። ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በየክረምቱ ከሰል አንድደው በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው እሱው ነው። መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ንጹሕ አየር ሲገኝ ይሻላል። የእናቴ ሕመም፣ የወንድሜ ማዛጋት! እኛ ደግሞ “ነፋስ መታት” ብለን መስኮቱን ሁሉ ጠረቀምነው፤ ሊያድናት የሚችለውን አየር በገዛ እጃችን ዘጋነው።

ያ ድምፅ ከስንት ወር ጀምሮ እንደነበር ማንም አያውቅም። ፉጨቱ ሸፍኖት ነበር። ትልቅ ድምፅ ትንሹን ይውጣል፤ ወንድሜ ላምስት ወር የሰማው ፉጨቱን ብቻ ነው። መኪናዋ ግን ከሥር ሌላ ነገር ስትነግረው ኖራለች።

ቧንቧው ተበየደ፣ ቀዳዳዋ ተወተፈች። እናቴ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሷን አላመማትም። ታውቃላችሁ፣ በዚያን ሳምንት ነበር እህቴ የ40 ቀን ልጇን ክርስትና አስነስታ በዚችው መኪና ይዛው ልትመጣ የተቀጠረችው። ሕፃን ልጅ ራሴን አመመኝ አይልም። ዝም ብሎ ይተኛል። እኛም “እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!” እያልን ነበር የምንሄደው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ሰውነቴ ይቀዘቅዛል።

ውድ አንባቢያን፣ በ1958 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ የታወቀ የሮልስ ሮይስ ማስታወቂያ መኪናው በሰዓት 60 ማይል፣ ማለትም 96 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሮጥ ውስጡ የሚሰማው ትልቁ ድምፅ የኤሌክትሪክ ሰዓቱ ነው ብሎ ነበር። ያ ለሀብታም ቅንጦት ነው ይባል ነበር። ዛሬ ግን ጸጥታ ወደ እኛም መንደር እየመጣ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ ነው። እነዚያ የሞተር ጩኸት ስለሌላቸው የነፋሱ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ባለቤቶቻቸውም “አዲስ መኪና እንዴት ያፏጫል?” ብለው ሲያማርሩ ትሰሙ ይሆናል። የእነሱ ጭስ የለውም፤ ግን ወረቀቱና ጠመኔው ለእነሱም ያገለግላል።

ለእኛ፣ በአሮጌ መኪና ለምንሄደው ግን ምክሬ አጭር ነው። መኪናችሁ ስታፏጭ አትወትፉባት፤ መጀመሪያ የት እንደሆነ ፈልጉ። ፉጨቱ ሲጠፋ ደግሞ ሬዲዮ ለመክፈት አትቸኩሉ፤ ትንሽ አዳምጡ። ቀጥሎ የሚሰማው ዋናው ሊሆን ይችላል። ተሳፋሪ ሆናችሁ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካዞራችሁ፣ ሹፌሩም ካዛጋ፣ “ምች ነው” ብላችሁ አትጠቅለሉ፤ መስኮቱን ክፈቱ፣ መኪናውን አስቁሙ፣ ውረዱ። ከኋላ “ዝጋው እንጂ!” የሚል ቢመጣ የእናቴን ታሪክ ንገሩት።

እናቴ ግን አሁንም ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠምጥማ ነው የምትሳፈረው። መስኮቱን ለሁለት ጣት ያህል ትከፍተዋለች። “ነፋሱን ይቅር ብየዋለሁ፤ ግን አላምነውም” ትላለች።

ቸር ይግጠመን።